ስለ ጓደኛዋ የወጣ ድምፅ

ልጄ ቤት ውስጥ ወሬዋ አያልቅም፤ ከደጃፋችን ስትወጣ ግን ድምጿ ይጠፋ ነበር። ከዳላስ አጠገብ ባለችው በጋርላንድ ከተማ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ መምህሮቿ አንድ ቃል ሳይሰሙ ወራት አልፈዋል። ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልግ እንኳ እጇን ማውጣት ስለምትፈራ ችላ ቤት ትደርስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሰላም ሲላት ነጠላዬ ውስጥ ትገባለች፤ ዘመድ ወዳጁም ከፍቅር ብዛት «በይ እንጂ ተናገሪ!» እያለ ይባስ ያስጨንቃታል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ነገሩ እልኸኝነት ሳይሆን የፍርሃት ዓይነት መሆኑን፣ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ በሚናገሩ የስደተኛ ልጆች ላይም እንደሚታይ፣ ማስገደድም እንደሚያባብሰው አስረድታን ነበር።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ከሆንዱራስ የመጡ አያት፣ እናትና ሁለት ልጆች ይኖራሉ። ትልቋ ልጅ የልጄ እኩያና የክፍል ጓደኛ ናት። ይህች ልጅ ልጄን ስለ ዝምታዋ አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ «እሷ ነጩን ወተት ነው የምትፈልገው» ብላ ትናገርላታለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ትይዝላታለች፣ ሌሎች ልጆች ሲያስቸግሯት መሀል ትገባለች። ከኮሮና በፊት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ትምህርት ቤታቸው መጥተው ልጆቹ በየተራ የቤታቸውን አድራሻ እንዲናገሩ በጠየቁ ጊዜ፣ ልጄ ተነሥታ መሬት መሬት ስታይ፣ ጓደኛዋ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ የራሷን አድራሻ ከነቤት ቁጥሩ፣ ቀጥላም የእኛን ተናገረች። ግቢያችን አንድ ስለሆነ የሚለየው የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው። ልጄ ያን ቀን ቤት ስትመጣ ሁለቱንም ቁጥሮች በቃሏ ይዛቸው ነበር።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስን የመታው ቅዝቃዜ እዚህ ላለን ሁሉ የሚረሳ አይደለም። ሰኞ የካቲት 8 ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ መብራት መቋረጥ ጀመረ። የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መስመር በአብዛኛው ከሌሎቹ ግዛቶች መስመር ተነጥሎ የሚሠራ ስለሆነ፣ የጋዝ ጉድጓዶቹና የኃይል ማመንጫዎቹ በበረዶ ሲያዙ ከውጭ በቂ እርዳታ ማግኘት አልተቻለም፤ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችና ድርጅቶች በጨለማ ተዋጡ። ማክሰኞ ጠዋት ዳላስ አካባቢ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። እኛም ባለን ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ ተጠቅልለን አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ልጄ የቡና ከሰላችንን አይታ ለምን አናቀጣጥለውም ስትለኝ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች በየጊዜው የምንሰማውን ነገርኳት። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ፣ ሰው መታፈኑን ሳያውቅ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያም እንቅልፍ ይወስደዋል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቆሎና ዳቦ አስይዤ ወደ ታች ላክኋት። ብዙም ሳትቆይ «እማዬ፣ ከሰል! ቤት ውስጥ ከሰል አለ!» እያለች ደረጃውን እየሮጠች ተመለሰች። እናታቸው ሥራ ላይ ነበረች፤ አያትየው ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብለው የሥጋ መጥበሻውን የከሰል ምድጃ ከበረንዳ አስገብተው አቀጣጥለውታል። ስደርስ ልጄ በሩን ወለል አድርጋ ትታው ነበር። ትንሹ ልጅ ያለቅሳል፣ አያትየው ሶፋ ላይ ተዘርረው ሲጠሩ በቅጡ አይመልሱም፣ ጓደኛዋ ደግሞ ያስመለሰችበት ምንጣፍ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ መነሣት አቅቷታል። ልጁንና ልጅቷን ጎትቼ በረዶው ላይ አወጣኋቸውና የፊት ለፊቱን ጎረቤት ጠርቼ አያትየውን ልናነሣ ተመለስን። ልጄ ስልኬን መቼ ከኪሴ እንደወሰደችው አላውቅም።

አያትየውን ተሸክመን ስንወጣ ልጄ ጓደኛዋን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ስልኩን በሌላው ይዛ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ መስመሩ ለ911 ሠራተኛዋ እየተናገረች ነበር። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሎቹ ግን ጥርት ያሉ ነበሩ። የግቢውን አድራሻ፣ ከዚያም የጓደኛዋን የቤት ቁጥር፣ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ጓደኛዋ በተናገረችው ቅደም ተከተል ተናገረች። ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንዳስመለሰው፣ ማን እንደማይነቃ ተጠየቀች፤ ሁሉንም መለሰች። ሴትዮዋ ማንም ተመልሶ እንዳይገባ ስትላት ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ማንም እንዳይገባ ብላለች» አለችኝ። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ከአፌ የወጣው «እግዚአብሔር፣ እግዚአብሔር» ብቻ ነበር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ደርሰው ኦክሲጅን ሰጧቸው፤ ሦስቱንም አምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ሦስቱም ተረፉ። በዚያ ሳምንት ሁሉም እንዲህ አልታደለም። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ቆጠራ በቅዝቃዜው ምክንያት 246 ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱም መካከል ሂዩስተን ውስጥ ለመሞቅ በተነሣ መኪና ጭስ የታፈኑ ኢትዮጵያዊት እናትና ትንሽ ልጇ ነበሩ፤ ለቅሶው የሁላችንም ነበር። በየቤታችን በባትሪ የሚሠራውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንስቀል የምለው ስለዚህ ነው፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት የሚጮኸው እሱ ነውና።

ስለ ልጄ ሳስብ አንድ ነገር ይገባኛል። እኛ ወላጆቿ፣ ዘመዶቿና መምህሮቿ ስለ ራሷ እንድትናገር ስንወተውታት ኖረናል፤ ለራሷ ብላ ግን አንድ ቃል አላወጣችም። ያን ቀን ያናገራት ምክራችንም ልመናችንም አልነበረም። ምንም ሳትጠይቃት ድምፅ የሆነቻት ልጅ በተራዋ ድምፅ ባጣች ጊዜ፣ የሚናገርላት ሌላ ሰው ስላልነበረ ተናገረች። የአማካሪዋን ምክር ሰምተን ባናስገድዳትም፣ ትዕግሥታችን ውስጥ ሁልጊዜ «መቼ ትናገር ይሆን» የሚል ዓይን ነበረ፤ ልጆች ያንን ያውቃሉ። ጓደኛዋ ግን ልጄ ብትናገርም ባትናገርም ያው ነበረች፤ ድፍረቷም የበቀለው እዚያ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ተናጋሪ ሆነች ማለት አይደለም፤ እስካሁንም ሰው የበዛበት ቦታ አትወድም። ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ግን ሐኪሙ ለጓደኛዋ ጥቂት ቀን እረፍት አዝዞላት ስለነበር ወንበሯ ባዶ ነበር። መምህሯ ስም እየጠራች እዚያ ስትደርስ ልጄ እጇን አውጥታ፣ ጓደኛዋ እንደታመመች፣ እየተሻላት እንደሆነ፣ የቤት ሥራዋንም እሷ ይዛላት እንደምትሄድ ተናገረች። መምህሯ ማታ ደውላ ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። ልጄ በዚያን ሰዓት የሒሳቡን ወረቀት ይዛ ወደ ታች ወርዳለች።