ተኩሱ የማይረባ የተኩስ ጌም

ቅዳሜ ማታ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም

ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስን እንደገና ጀምሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ በኑክሌር ጦርነት በወደመች አሜሪካ ውስጥ የሚካሄድ ጌም ነው። አዳዲሶቹን ላፕቶፔ አይችላቸውም፤ ይኼኛውን ግን ሳያንገራግር ይከፍተዋል።

ስለ ተኩሱ ቶሎ ተናግሬ ልገላገል፤ አይረባም። ሰው አልመህ ስትመታ የተመታ አይመስልም። ደሙ ይረጫል፣ እሱ ግን መሮጡን ይቀጥላል። የገጸ ባሕሪህ የጠመንጃ ችሎታ ዝቅ ያለ ከሆነ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የጥይቱም ጉዳት ይቀንሳል። መሣሪያው የሚጠይቀው ጉልበት ከሌለህ ደግሞ ጭራሽ። አንተ በማውስህ ልክ ግንባሩ ላይ አነጣጥረሃል፤ ቁጥሩ ግን “ገና ነህ” ይልሃል። ሮል ፕሌይ (የገጸ ባሕሪህን ችሎታ በነጥብ እያሳደግህ የምትጫወተው ዓይነት) እና ተኩስ አንድ ጌም ውስጥ ሲገቡ ሁሌም የሚጣሉት እዚህ ጋ ነው፤ የሚተኩሰው የእኔ ጣት ነው ወይስ የሰውዬው ችሎታ? ለዚህ ማስታረቂያ ቫትስ የሚሉት ነገር አለ። ጊዜው ቆሞ፣ ጭንቅላት ወይ እግር መርጠህ፣ የመምታት ዕድልህን በመቶኛ አይተህ ታዛለህ። ይሠራል፤ ግን ትእዛዝ መስጠት ነው እንጂ መተኮስ አይባልም።

መብራት ሲጠፋ ምድር ላይ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይዘጋና የጎረቤቴ ልጅ እኔ ጋ ይመጣል፤ ላፕቶፕ ባትሪ አለዋ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፣ ያደገው በፊፋ ነው። ከኋላዬ ቆሞ ትንሽ አየና፣ “ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ዓይኑን ያመዋል እንዴ?” አለኝ። ምን እላለሁ? ያመዋል።

ታዲያ ለምን እጫወተዋለሁ? በአፍ ስለሚሠራ። የመጀመሪያዋ ከተማ ጉድስፕሪንግስ ናት። ሽፍቶች ሊወሯት ነውና ነዋሪውን ማስተባበር ትችላለህ። ለባለ ቡና ቤቷ የንግግር ችሎታ፣ ለነጋዴው የንግድ ችሎታ፣ ድማሚቱን ለያዙት ሽማግሌ የፈንጂ እውቀት ያስፈልጋል፤ ሁሉም 25 ይጠይቃሉ። ከዚያ ካነሰህ በሩ አይዘጋብህም። የምትናገረው ዓረፍተ ነገር ራሱ ይቀየርና ስለ ድማሚት ምንም እንደማታውቅ የሚያሳብቅ ቂል ወሬ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሆን ብዬ እሱን መርጬ ስቄያለሁ። “አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?” ለሚለው የአባቶች ጥያቄ ይህ ጌም ያለ ማመንታት አፍ ያለውን ይመርጣል። መጨረሻ ላይ ሁቨር ግድብ ላይ የሚጠብቅህን አስፈሪውን የጦር አዛዥ እንኳ ንግግርህ 100 ከሞላ አሳምነህ ልትመልሰው ትችላለህ።

እዚህም ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ቁጥሩ ፊት ለፊት ተጽፎ ይታያል፤ ካለህ ያልፋል፣ ከሌለህ አያልፍም፣ ማሰብ አያሻም። መጽሔት አንብበህ ለጥቂት ጊዜ 10 ነጥብ መጨመርም ይቻላል። ስለዚህ ትልቅ ንግግር ከማድረግህ በፊት፣ ልክ ፈተና ክፍል በር ላይ አጭር ማስታወሻ እንደሚያገላብጥ ተማሪ፣ መጽሔት ገልጠህ አንደበተ ርቱዕ ትሆናለህ። ሰው በዚህ ዓይነት ቢያምን ኖሮ ከቤት አከራዮቻችን ጋር ስንት ነገር በተስማማን!

ግን ኖቫክ አለች። (ያልተጫወታችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት፤ የቆየ ጌም ስለሆነ ብዙም አላዝንላችሁም።) ኖቫክ ትልቅ የዳይኖሰር ሐውልት ያላት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ሌሊት ሌሊት ዳይኖሰሩ አፍ ውስጥ ቡን የሚባል አልሞ ተኳሽ ዘብ ይቆማል። ሚስቱን ከከተማው ሰው አንዱ ለባሪያ ፈንጋዮች ሸጧታል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ቀይ ቦኔቱን ይሰጥህና፣ ጥፋተኛውን አግኝተህ ዳይኖሰሩ ፊት አምጣው፣ ቦኔቱን ስታጠልቅ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ ይልሃል። ሞቴሉ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ካለው ካዝና የሽያጭ ውሉ ይገኛል። ለሴትዮዋ 1000 ቆርኪ፣ በሆዷ ላለው ልጅ ተጨማሪ 500፤ ገንዘባቸው የጠርሙስ ቆርኪ ነው። የውሉ አጻጻፍ ቀዝቃዛ ነው፣ ከየትኛውም ቢሮ የወጣ ወረቀት ይመስላል። የሸጠችው ደግሞ የምታከራይህ፣ በፈገግታ የምትቀበልህ አሮጊት ናት። “ላሳይሽ የምፈልገው ነገር አለ” ብለህ በጨለማ ታወጣታለህ። ቦኔቱን ታጠልቃለህ። ከላይ አንዲት ጥይት፣ አለቀ።

በጌሙ ሁሉ ከባዷ ጥይት ይህች ናት፤ የምተኩሳት ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ያደረግሁት ቆብ መልበስ ብቻ ነው። እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ቁጥሩ ቢያንስ፣ እዚህ ጋ ምንም ለውጥ የለውም።

ልጁ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ “ጋሼ፣ ምንም ያላደረገ ሰው ቢያመጡለትስ?” አለኝ። ወደ ኋላ ተመልሰን ሞከርነው። አንድ ነገሩን የማያውቅ ነዋሪ አወጣን፣ ቦኔቱን አጠለቅሁ። ተኮሰ። አምኖኛላ! ልጁ መጀመሪያ “ኧረ!” አለ፣ ቀጥሎ ወዲያው፣ “በቃ ሎድ ያድርጉት” አለ፤ ሴቭ ካደረግንበት ቦታ መልሰን እንድንጀምር። የጌሙን ትልቁን ድክመት ከእኔ በተሻለ የተናገረው እሱ ነው። ይህን ያህል የሚከብድ ነገር ሠርተህ፣ አንድ ቁልፍ ስትጫን እንዳልነበረ ይሆናል። ሰውዬውም ተነሥቶ ሱቁን ይከፍታል። በነገራችን ላይ ሎድ ስናደርገው ጌሙ ተዘጋ። ገና ሲወጣ ጀምሮ በስህተት ብዛት ይታማ የነበረ ጌም ስለሆነ አልገረመኝም።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ከተፋላሚዎቹ ወገኖች አንዱ፣ የቄሳር ሊጂየን፣ ስስ መሆኑ ነው። ክፋቱን በየመንገዱ ታያለህ፤ ከወንዙ ማዶ የሚገዛውን አገር ግን፣ ከአንድ የጦር ሰፈሩ በቀር፣ አንድም ቀን አትረግጥም። የጌሙ ሠሪዎች፣ ኦብሲዲያኖች፣ በ18 ወር አካባቢ ነው የሠሩት፤ የጊዜ እጥረቱ እዚህ ጋ ይታያል። ሌሎቹ ጋ የምትከራከርበት አለህ፣ እነሱ ጋ የሚቀርህ መታዘዝ ወይ መዋጋት ነው።

ልጁ ግን ቀጣዩን ዙር ከሊጂየኑ ጋር ካልሄድን ብሏል። እኔ ደግሞ ጠመንጃ ሳላነሳ፣ ንግግሬን 100 ሞልቼ ግድቡ ድረስ መሄድ ነው ሐሳቤ። ላፕቶፑ የእኔ ስለሆነ ብዙም አልተከራከርንም።