አዝማቹ ሲገባ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ስኬትቦርድ አሠለጥናለሁ። ዘንድሮ ለውድድር ካዘጋጀኋቸው ልጆች አንዷ ፍሪስታይል የሚባለውን ዘርፍ መረጠች። ኦሊምፒክ ላይ የምናያቸው ስትሪት (ደረጃና ብረት ላይ የሚሠራው) እና ፓርክ (ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ የሚሠራው) ናቸው። ፍሪስታይል ግን መወጣጫም ብረትም አይፈልግም። ደልዳላ መሬት፣ ቦርድና ሙዚቃ ይበቃዋል። ዛሬ ሁሉም ልጅ የሚሞክረው ኪክፍሊፕ፣ ዘልሎ ቦርዱን በእግር አየር ላይ ማገላበጡ፣ ራሱ ከዚሁ የወጣ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው ሮድኒ ሙለን የፍሪስታይል ተወዳዳሪ ነበር።

ትርኢቱን መጀመሪያ በወረቀት ላይ አቀድነው። ዋናው ጣጣ አንዱ ትሪክ (በቦርድ የሚሠራ ጥበብ) ከሌላው የሚገጣጠምበት ላይ ነው። ካስፐር የሚባለው ትሪክ ሲሠራ ቦርዱ ተገልብጦ አንድ እግር ከሥሩ፣ ሌላው ከላዩ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ በየትኛው እግር ትወጣለች? ፊቷ ወደ ዳኞቹ ነው ወይስ ወደ ግድግዳው? ይህ ሳይታወቅ ትሪክ መደርደር ከንቱ ድካም ነው። ስፒኑን፣ ቦርዱ ላይ ሆኖ መሽከርከሩን፣ ከካስፐሩ በኋላ አደረግነው። ከፊቱ ቢሆን አዙሯት ሚዛኗን ትስታለች። ከባድ ከባዱን ወደ መጀመሪያው አመጣነው። በድሬ ሙቀት መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ጉልበት የለም።

ልምምዱ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ አስፋልት ላይ ነበር። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንጀምራለን። ዘፈኑ መሃል ሳላስጠነቅቃት አፏጫለሁ። ያኔ ቦርዱን ለቃ ትወርዳለች፤ ቦርዱ የሄደበት ድረስ ሄዳ ታመጣለች። የጎደለውን ግን አትደግምም። አዝማቹ ሲገባ ሜዳው መሃል ቆማ ከዚያ ትቀጥላለች።

ጂምናስቲክ የሚያሠለጥኑ አንድ አንጋፋ ባልደረባ አሉን። ይህን ሲያዩ ተቆጡ።

«አንተ ልጅ፣ መውደቅ ታለማምዳታለህ እንዴ? ሰውነት የለመደውን ነው የሚያደርገው!»

«ጋሼ፣ ከወደቀች በኋላ ያለውን ነው የማለማምዳት።»

አልተዋጠላቸውም። እውነት ለመናገር ክርክራቸው ባዶ አልነበረም፤ ለልጅ ፍርሃት ማስለመድ ቀላል ነው። እኔ ግን በሁለት ደቂቃ ትርኢት ውስጥ ቦርድ አንድ ጊዜ እንኳ አያመልጥም ብሎ ማቀድን አላምንበትም።

የውድድሩ አዳራሽ ወለል የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነበር። ከእሷ በፊት የወጣው ልጅ ወደቀ። ተነስቶ ያንኑ ትሪክ ደገመው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ከሙዚቃው ኋላ ቀረ። ዘፈኑ ሲያልቅ በጣም የሚያምረውን ክፍል ገና አልጀመረውም። አንጀቴን በላኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነበር።

የእኛዋ ስፒኑ ላይ ጎማው ተንሸራተተባት። ቦርዱ በርሮ የዳኞቹ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አልሮጠችም። ረጋ ብላ ሄዳ አነሳችው። ሁለት ትሪክ ዘለለች። አዝማቹ ሲገባ መሃል ላይ ነበረች፤ እየሳቀች ፉትዎርኳን፣ ቦርዱ ላይ የምትሠራውን የእግር እንቅስቃሴ፣ ቀጠለች። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ለመውደቋ ነጥብ ተቀንሶባት ሦስተኛ ወጣች።

ጋሼ ሊያዩ መጥተው ነበር። «የቱን እንደምትዘይ ማን ነገረሽ?» አሏት።

«ወላሂ ጋሼ፣ አላሰብኩበትም። አዝማቹ ሲመጣ መሃል ነኝ፣ አለቀ።»

አሁን የያዝነው ጉዳይ ወለሉ ነው። የጎማዎቿ የጥንካሬ ቁጥር 101ኤ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ይጠነክራል፤ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ብዙም አይቆነጥጥም። አነስ ያለ ቁጥር ያለው ጎማ እያፈላለግን ነው። ሴራሚክ ወለል ያለውን የስብሰባ አዳራሽም ጠዋት ጠዋት እንዲለቁልን ኃላፊውን ጠይቀናል። ጥያቄውን ያቀረቡልን ጋሼ ናቸው።