ማንኪያ የበላው ጄሊ

ከጽጌረዳ ጄሊ ልሠራ ነው ስላት እማዬ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «አበባ ተሽትቶ አይበቃም?» አለች። አልበቃኝም። አሠራሩን በቪዲዮ ካየሁ ጀምሮ፣ ሴትዮዋ ያንን እንደ ማርማላታ የረጋ፣ ቀይ የሚያበራ ጣፋጭ በማንኪያ ስትቆርሰው ልቤ ሸፍቷል።

መጀመሪያ ዓይኔን የጣልኩት በስጦታ በመጣልኝ እቅፍ አበባ ላይ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በሕይወቱ አንዴ ቁም ነገር ተናገረና «ለጌጥ የሚሸጥ አበባ ላይ ምን እንደሚረጩበት ታውቂያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለምግብ ተብሎ ያልተመረተ አበባ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ምንም ተረጭቶበት የማያውቀውን የጓሯችንን ጽጌረዳ በጠዋት ላጨሁት። ጉንዳኖቹን አራግፌ በሰላም ሸኘኋቸው።

ከዚያ መቀስ ይዤ ተቀመጥኩ። የእያንዳንዷ የአበባ ቅጠል ሥር ላይ ያለችው ነጭ ጫፍ መራራ ናት፤ ተቆርጣ መውጣት አለባት። አንድ በአንድ! ሠላሳ ላይ ስደርስ «ትንሽ ምሬት ለጤና ጥሩ ነው» የሚል የራሴን ሳይንስ ፈለሰፍኩ።

የፈላ ውሃ ቸለስኩበት፣ ከደንኩት፣ አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው ቅጠሎቹ እንደታመመ ሰው ገርጥተዋል። ውሃው ደግሞ እጣቢ መስሏል። ወንድሜ ብቅ አለና «ካልሲ ዘፍዝፈሽ ነው?» አለ። ሽታው ግን ሽታ ነው! ጽጌረዳ ራሷ ድስት ውስጥ ተቀምጣለች።

አጥልዬ ሎሚ ጨመቅኩበት። ያ እጣቢ ዓይኔ እያየ ቦግ ብሎ ቀላ። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ እልል አልኩ። የአበባው ቀለም አሲድ ሲነካው እንዲህ ነው። ደግሞ ሎሚው ለማማር ብቻ አይደለም። አበባ የራሱ የሆነ የሚያረጋ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ፔክቲን ከውጭ ይጨመርለታል። ፔክቲኑ ደግሞ አሲድና መዓት ስኳር ካላገኘ አይረጋም። ስኳሩን ስገለብጥ እማዬ ፊቷን አዞረች።

ቪዲዮው «104 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ይላል። ቴርሞሜትሬን ነክሬ ቆምኩ። 95። አረፋው ተነሳና ገንፍሎ ምድጃውን አለበሰው። (ትልቅ ድስት ተጠቀሙ ብለው ነበር። አልሰማሁም።) 97። 99። እግሬን ቀየርኩ። 101 ላይ ፈሳሹ መንተክተኩን ትቶ በቀስታ «ቧ… ቧ…» ማለት ጀመረ፣ እንደ ጭቃ። ቤቱን የተቃጠለ ስኳር ሸተተው። እኔ ግን ቃሌን የማከብር ሰው ነኝ። 104!

ጠርሙስ ውስጥ ስገለብጠው አልወርድ አለ። እየተጎተተ፣ እያጉረመረመ ገባ። ልቅመሰው ብዬ ማንኪያ ሰካሁበት፤ ስልክ ጠራኝ። ስመለስ ማንኪያዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ስስባት ጠርሙሱ አብሮ ተነሳ። ወንድሜ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። 104 ለባሕር ወለል የሚሆን ቁጥር ነው። እዚያ ውሃ 100 ላይ ይፈላል፣ ጄሊ ደግሞ ከዚያ 4 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ ይደርሳል። እኔ የምኖረው ከፍታ ላይ ነው። ንጹህ ውሃ ጥጄ ብለካው 92 ላይ ፈላ። 96 ላይ ማውረድ ነበረብኝ! ከዚያ በኋላ የቆምኩት ሁሉ ከረሜላ ስሠራ ነው። ያውም ቴርሞሜትር የማይጠይቅ ዘዴ ነበረ፦ የቀዘቀዘ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ፣ ትንሽ ቆይቶ በጣት ገፋ ማድረግ፤ ከተሸበሸበ ደርሷል። ቪዲዮው ላይ ነበር። አሳልፌው ነው።

በማግስቱ እማዬ ማንኪያዎቿን ቆጠረች። አምስት። «ስድስተኛዋስ?» አለች። በጣቴ ጠርሙሱን አሳየኋት። ምንም ሳትል ሙቅ ውሃ ቀስ እያለች ጨመረችበት። ደጋግማ አማሰለች። ማንኪያዋን ነፃ አወጣችና ጫፏን ላሰች። ዝም አለች። ከዚያ የቀረውን ሮዝ ውሃ ኩባያዋ ላይ ቀዳች።

«ሻይ ነው ብትይኝ ኖሮ» አለች፣ «መቼ እከለክልሽ ነበር?»