ጋፒ፦ ከአንድ ሰው ማሳ እስከ ልጄ የዓሣ ገንዳ

«አባዬ፣ ጋፒ የሰው ስም ነው እንዴ?»

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለልደቱ ትንሽ የዓሣ ገንዳ ገዛንለት። ውስጡ ስድስት ጋፒዎች ነበሩ፣ ግን ጋፒ እንቁላል የሚጥል ዓሣ አይደለም፣ ልጆቹን በሕይወት ነው የሚወልደው፣ እና በሁለት ወር ውስጥ መቁጠር አቃተን። ልጄ ስለ ዓሣዎቹ ሲያነብ ቆየና ይህን ጥያቄ ይዞ መጣ። እኔም አላውቅም ነበር። አብረን ፈለግን። እሱ በአሥር ደቂቃ ረክቶ ወደ ጨዋታው ሄደ፣ እኔ ግን ሳምንታት ቆየሁበት።

አዎ፣ የሰው ስም ነው። ሮበርት ጆን ሌክሚር ጋፒ የሚባል ሰው ነበር። በ1836 ለንደን ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኑሮውን ያደረገው በካሪቢያን ትሪኒዳድ ደሴት ሲሆን እዚያ የትምህርት ቤቶች ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። በትርፍ ሰዓቱ ድንጋይ፣ ቀንድ አውጣ፣ ዓሣ ይሰበስባል። ከሰበሰባቸው ዓሣዎች የተወሰኑትን ለንደን ወዳለው የብሪቲሽ ሙዚየም ላከ። የሙዚየሙ የዓሣ ሊቅ አልበርት ጉንተር ደግሞ በ1866 ዓሣውን በላኪው ስም ሰየመው። በኋላ ሲታይ ቪልሄልም ፒተርስ የሚባል ጀርመናዊ ያንኑ ዓሣ ከቬንዙዌላ አግኝቶ በ1859 መዝግቦት ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ የሳይንስ ስሙ ፖይሲሊያ ሬቲኩላታ ነው። ሕዝቡ ግን ጋፒ ማለቱን አልተወም።

ታዲያ ሰውዬው ራሱ ጋፒ የሚለውን ስም ከየት አመጣው?

ስሙ እንግሊዝ ውስጥ እንደ ስሚዝና ጆንስ በየመንገዱ የምታገኙት ዓይነት አይደለም። ብርቅ ስም ነው። እና ብዙ ብርቅ ስሞች እንደሚያደርጉት በጣት የሚጠቆም መነሻ ቦታ አለው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በሚባለው ካውንቲ (እንደኛ ክፍለ ሀገር ያለ ግዛት ነው)፣ ከባሕር ዳርቻዋ ከላይም ሪጂስ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ዉተን ፊትዝፔይን የሚባል የገጠር አጥቢያ አለ። በዚያ አጥቢያ ውስጥ ጋፒ የሚባል የእርሻ ቦታ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መዛግብት ላይ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። የስም አጥኚዎች ሲተነትኑት ቃሉ ሁለት የጥንት እንግሊዝኛ ቃላት የተጣመሩበት ነው ይላሉ። አንዱ «ጉፓ» የሚል የሰው ስም ነው፣ ሌላው ደግሞ አጥር ያለው ቦታ ማለት ነው። የጉፓ አጥር፣ የጉፓ ማሳ እንደማለት።

እዚህ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። መጀመሪያ አንድ ሰው ነበር። ሰውዬው መሬቱን አጠረ። መሬቱ በሰውዬው ስም ተጠራ። ከዚያ እዚያ መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች በመሬቱ ስም ተጠሩ። ከዚያ ከእነሱ ስም ከወረሱት አንዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄደና ስሙን ለዓሣ ሰጠ። ዓሣው ደግሞ ዛሬ የኔ ሳሎን ውስጥ ነው። ጉፓ ማን እንደነበር፣ ምን እንደሚመስል የጻፈ የለም፤ የቀረው ስሙና አጥሩ ነው።

የመንዝ ሰው ነኝ። ይህ ነገር ለኔ እንግዳ አልሆነብኝም። መንዝን የምታውቁ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚባለውን ታውቃላችሁ። ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ሰዎች ናቸው፣ መሬቱን ያቀኑ አባቶች ተብለው ነው የሚነገርላቸው። እኛም ዘንድ ሰው ለመሬት ስሙን ሰጥቷል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እኛ ዘንድ መሬቱ ስሙን መልሶ ለሰው አልሰጠም። ጌራ ምድር የሚኖር ሰው ጌራ ተብሎ አይጠራም፣ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፣ ልጁም በእሱ፣ የልጅ ልጁም በልጁ። ስማችን በየትውልዱ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ከጌራ ጋር የሚያገናኘን ስም ሳይሆን ቆጠራ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ ደግሞ እገሌን። ያለዚያ ርስት አይጠየቅም ነበር፣ ጋብቻም ቢሆን ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይሆንም። በኛ አቆጣጠር በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስት ቀረ። ቆጠራው ግን በሽማግሌዎች አፍ ላይ እስካሁን አለ።

እንግሊዞችም ድሮ እንደኛው ባለ አንድ ስም ነበሩ። ኖርማኖች ከፈረንሳይ በ1066 መጥተው ሀገሩን ከያዙ በኋላ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የተለወጠው። መጀመሪያ መሳፍንቱ በርስታቸው ስም መጠራት ጀመሩ፣ ምክንያቱም ስሙ የመሬቱ ማስረጃ ነበር። ቀጥሎ የግብርና የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች አንዱን ጆን ከሌላው ጆን ለመለየት ተጨማሪ ስም ይጽፉ ጀመር። አንዱ በሥራው፣ አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በመልኩ፣ አንዱ በመጣበት ቦታ ተጠራ። እስከ 1400 ድረስ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ይዞ ነበር። በ1538 ደግሞ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። ዛሬ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ እንግሊዛዊ የሚያገላብጠው ያንን መዝገብ ነው።

ስሚዝ የበዛው በየመንደሩ አንጥረኛ ስለነበረ ነው። አንድ ስሚዝ ከሌላ ስሚዝ ጋር ዝምድና ላይኖረው ይችላል። ጋፒ ግን ከአንድ የእርሻ ቦታ የወጣ ስም ነው። ስለዚህ ከጥቂት ቤተሰብ፣ ምናልባትም ከአንድ ቤት የተቀዳ ይሆናል። በየዘመኑ ስንት ወንድ ልጅ እንደተወለደ፣ ስንቱ ከወረርሽኝ እንደተረፈ፣ የስሙ ዕድሜ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ወንድ ያልተወለደበት ቤት ስሙ እዚያው ያበቃል። በዚህ መንገድ ስንት ስም ጠፍቷል። ይህ ለሰባት መቶ ዓመት ተርፏል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን አሁን የምነግራችሁ ሰው ነው። ሄንሪ ብሩም ጋፒ ይባላል። የእንግሊዝን የቤተሰብ ስሞች ካውንቲ በካውንቲ ቆጥሮ የትኛው ስም የት እንደሚኖር ቀድመው ካሳዩት ሰዎች አንዱ ነው፣ መጽሐፉን በ1890 አሳተመ። ያውም የዚህ የብርቅ ስም ባለቤት! በ1854 የተወለደ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ ወደ ሰሎሞን ደሴቶች ሄዶ ኮራሉን፣ ዕፅዋቱን፣ ሰዉን ሲያጠና ቆየ። በኋላ ዕድሜውን ያሳለፈበት ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ የዕፅዋት ዘር በባሕር ሞገድ ተንሳፍፎ ከደሴት ደሴት እንዴት ይሄዳል? ዘሮችን እየሰበሰበ በጨው ውኃ ውስጥ የትኛው እንደሚንሳፈፍ፣ የትኛው እንደሚሰምጥ ይፈትን ነበር። በ1926 ያረፈውም በካሪቢያኗ ማርቲኒክ ነው።

የስም ቆጠራውን እንዴት እንደሠራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዘዴው ቀላልና ብልህ ነው። በጊዜው በየካውንቲው የነዋሪዎችን ስምና ሥራ የሚዘረዝሩ የአድራሻ ማውጫ መጻሕፍት ይታተሙ ነበር። እሱ ከነዚያ ውስጥ ሁሉንም ሰው አልወሰደም። የገበሬዎችን ስም ብቻ ለቀመ። ነጋዴ ይዘዋወራል፣ ሠራተኛ እንጀራ ፍለጋ ከተማ ይገባል፣ ባለ መሬት ገበሬ ግን አባቱ ካረሰበት አይነቃነቅም ብሎ ነው። ከዚያ ከአሥር ሺህ ገበሬ ስንቱ ይህን ስም ይዟል ብሎ በየካውንቲው አሰላ። ውጤቱን ሲያይ ስሞች በየደረጃው ተከፋፈሉለት። በሀገሩ ሁሉ የተበተኑ አሉ፣ በአንድ አካባቢ የሚበዙ አሉ፣ በመጨረሻ ደግሞ ከአንድ ካውንቲ የማይወጡ ልዩ ስሞች አሉ። ይሄን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር፣ በእጁ እየጻፈ! እርግጥ ዘዴው መሬት የሌለውን ድሃና የከተማውን ሰው አይነካም፣ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ግን ባቡርና ፋብሪካ ሰውን ገና እያንቀሳቀሱ በነበሩበት ዘመን የአርሶ አደሩን ስም በቦታው ሳለ መዝግቦታል። ዛሬ ተመራማሪዎች የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ሲዘረጉ የሚያዩት ያንኑ ነው። ብርቅ ስም ከመነሻው ብዙ አይርቅም። ጋፒም ዶርሴትን ተደግፎ ነው የሚገኘው።

ከዶርሴት የወጡትም አሉ። ወደ ሰሜን ብሪስቶል ከተማ የገባ የጋፒ ነጋዴ ቤተሰብ ነበር። ከዚያ ቤት ስሟ የሚነሳው ሣራ ጋፒ ናት። በ1811 ለድልድይ መሠረት የሚሆን ምሰሶ አተካከል ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ) ያወጣች ሴት ናት። በዓመቱ ደግሞ ሻይ እያፈላ በእንፋሎቱ እንቁላል የሚቀቅል ዕቃ ሠራች። ልጇ ቶማስ ከታላቁ መሐንዲስ ከብሩኔል ጋር ሆኖ በእንፋሎት መርከቦቹ ሥራ የተሳተፈ ነው። ከነዚያ አንዷ፣ ግሬት ብሪተን፣ በ1843 ባሕር ገብታ ዛሬም ብሪስቶል ላይ ትታያለች። ግን ልብ በሉ፣ ሣራ በትውልድ ጋፒ አልነበረችም። በርሚንግሃም የተወለደች የቢች ቤተሰብ ልጅ ናት። በጋብቻ ነው ስሙን የያዘችው። የሠራችው ሁሉ በባሏ ቤት ስም ተመዘገበ። የኛ እናቶች ቢያገቡም ቢወልዱም ከአባታቸው ስም አይለዩም፣ እኔ ይሄን ሁሌም ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ስሙን የሚያሻግረው ወንዱ ነው ሲባል በመሃል የጠፉት የሴቶች ስሞች ስንት ይሆኑ?

ሌሎች ደግሞ ባሕር ተሻገሩ። የዶርሴቷ የፑል ወደብ ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ጋር በኮድ ዓሣ ንግድ ለረጅም ዘመን የተሳሰረች ነበረች። የዶርሴት ወጣቶች በበጋ ለዓሣ ማጥመድ እየሄዱ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። የዶርሴት ስሞችም አብረዋቸው ቀሩ።

ስም ደምን ይጠብቃል ወይ የሚለውን የፈተኑም አሉ። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት 40 የእንግሊዝ ስሞችን የያዙ 1,678 ወንዶችን ዘረመል አነጻጸሩ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ማለት ነው። ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ባለስሞቹ አንድ አባት የመጋራታቸው ዕድል ከፍ ይላል፣ ስሚዞች ግን በዚህ በኩል ከማንኛውም መንገደኛ አይለዩም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2007፣ እነዚሁ የሌስተር ሰዎች አንድ የምሥራቅ ዮርክሻየር ብርቅ ስም የያዙ 18 ወንዶችን መርምረው ነበር። ሰባቱ እስከዚያ ጊዜ በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ላይ ብቻ የታወቀ ዓይነት ክሮሞዞም ተገኘባቸው። ቤተሰቦቹ ነጭ እንግሊዛውያን ናቸው፣ የዘር ሐረጋቸው በዮርክሻየር እስከ 1780ዎቹ ተቆጥሯል፣ ስለ አፍሪካዊ አባት የሰሙት ነገር አልነበረም። ይህን ሳነብ ለሊቱን ሳስበው አደርኩ። ያ ሰው ማን ነበር? እንዴት ደረሰ? ስሙ ሁሉን አልያዘም፣ ገላቸው ግን ይዞት ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። እዚህ ለንደን ልጄ ሲወለድ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሞላን። የኔ ፓስፖርት ላይ ያለው የአባቴ ስም ስለሆነ ልጄ ተሰማ ተባለ፣ በአያቱ ስም። አባቴ ከመንዝ ሳይወጡ ኖረው እዚያው ነው ያረፉት። እኛ ሀገር ቢሆን ልጄ የኔን ስም ይይዝ ነበር፣ የሱ ልጅ ደግሞ የሱን፣ ተሰማ የሚለው ስም ወደ ቆጠራው ይገባ ነበር። እዚህ ግን ቆመ። የልጄ ልጆችም ተሰማ ይባላሉ ማለት ነው። በሌላ ሀገር ያሉ ብዙ ሐበሾች ቤት ይሄው እየሆነ ነው፣ የአንድ ገበሬ ስም ሳይታሰብ የቤተሰብ ስም ሆኖ እየረጋ ነው።

ባለፈው እሑድ ይሄን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። የጉፓን አጥር፣ ዓሣውን፣ የአያቱን ስም። ጸጥ ብሎ ሰማኝና «ከአያቴ በፊትስ?» አለኝ። እኔ እስከ አምስት ድረስ ቆጠርኩለት። ስድስተኛው ላይ ቆምኩ። ከዚያ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያሉትን የአባቴን ታናሽ ወንድም ደወልኩላቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል። ሰላምታውን ጨርሰን «ጋሼ፣ ልጁ ዘር ቁጠሩልኝ እያለ ነው» ስላቸው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «እርሳስ ይዟል?» አሉኝ። ስልኩን ለልጄ ሰጠሁት።