ጉርሻ የሚቆጥር ፍሪጅ፦ ከሰሜን ሸዋ ለምትመጡ

ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ ወደ ውጭ አገር የሚደውል ሁሉ ሰሞኑን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እዚያ ፍሪጁ ራሱ ሰውን ይቆጣል ይባላል፣ እውነት ነው?» አዎ፣ ይቆጣል። ወተት አልቋል ይላል፣ በሩን ዝጉ ብሎ ይጮኻል፣ ስልክ ላይ ካለ የምግብ መተግበሪያ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ዛሬ አትክልት አልተበላም ብሎ ይመክራል። ይህን ሁሉ ሰው ይለምደዋል። የሚያሳፍረው ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ስለ እሱ ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ የዋሉት እንደ ሳምሰንግ ፋሚሊ ሃብ ያሉ ፍሪጆች ውስጣቸው ካሜራ አለ። በሩ በተዘጋ ቁጥር የውስጡን ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶውን የቤቱ አካውንት ያለው ሰው የትም ሆኖ ስልኩ ላይ ያየዋል። የተሠራው ገበያ ላይ ቆማችሁ «እንቁላል አለ ወይስ የለም?» ለማለት ነው፣ ለዚያም ይጠቅማል። አሁን ግን ትናንት የገባ የአክስት ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲውል አስቡት። ሰባት ሰዓት ላይ ይርበዋል፣ የተረፈውን ዶሮ ወጥ ያወጣል፣ በሩን ይዘጋል። ማታ የቤቱ ባለቤት ከሥራ ስትገባ ክፉ ሳታስብ «ዶሮውን ጨረስከው አይደል? ጎበዝ!» ትለዋለች። ልጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። መንዝ ውስጥ እንግዳ ሲበላ ዓይን መጣል ነውር ነው፤ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እየተባለ ይጨመርለታል እንጂ ጉርሻው አይቆጠርም። ከዚያች ቀን በኋላ ፍሪጅ ሳይነካ ደረቅ ዳቦ ክፍሉ አስገብቶ የሚበላ አለ።

ስለዚህ ተቀባዮች፣ ዘመድ ከመድረሱ በፊት መተግበሪያውን ክፈቱና የበር ማሳወቂያውን አጥፉ፣ ካሜራውን ከቅንብሩ ዝጉ። የማይዘጋ ከሆነ ለእንግዳው በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። መጪዎችም አትፈሩ፣ «ይሄ ፍሪጅ ፎቶ ያነሳል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም፤ የዚህ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በግልጽ መጠየቅን እንደ ብልግና አያይም።

ካሜራው የሚያውቀው ደግሞ ጥቂት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል ለይቶ የሚያውቃቸው ትኩስ ምግቦች 33 ብቻ ነበሩ። በበሩ መደርደሪያ ላይ ያለውንና በረዶ ቤቱ ውስጥ ያለውን አይለይም። እንጀራ፣ በጠርሙስ የተቀመጠ በርበሬ፣ ስልጆ፣ በፌስታል የታሰረ በሶ ለእሱ ስም የላቸውም፤ ስሙንና የሚበላሽበትን ቀን በእጅ መጻፍ ነው። ወጥ ሳይበርድ ከገባ እንፋሎቱ ሌንሱን ስለሚያደበዝዘው ፎቶው ምንም አያሳይም፤ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

የካሎሪ ቆጠራው ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። መተግበሪያው ውስጥ ምስር ወጥ ስታጡ «የምስር ሾርባ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። የእነሱ ሾርባ ዘይት የሚነካው ለስሙ ነው። እኛ ለአንድ ድስት አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር፣ ስናፈስ 1,900 ካሎሪ ገደማ ገባ ማለት ነው። ለስድስት ሰው ቢከፈል ምስሩና ሽንኩርቱ ሳይቆጠር ለእያንዳንዱ ከ300 በላይ ይደርሰዋል። በእንጀራው ደግሞ ተቃራኒ ስሕተት አለ፤ በፎቶ ስታሳዩት ፓንኬክ ሊለውና የሌለ ስኳር፣ እንቁላልና ቅቤ ሊደምርባችሁ ይችላል። መፍትሔው የራስን ምግብ አንድ ጊዜ አስልቶ መመዝገብ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪ ገደማ አለው። ከ1 ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደወጣ ቁጠሩ፤ 10 ከወጣ አንዱ 367 ነው። ውሃው አይደመርም። ገብስ ብትቀላቅሉም በ100 ግራም 350 ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የደብረ ሲናን ቆሎ ለለመደ እጅ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ 100 ግራም የገብስ ቆሎ ቴሌቪዥን እያዩ ሳይታወቅ ያልቃል። አንድ ቀን ሚዛን ላይ አድርጋችሁ እዩት።

በ2013 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የቀረበ ሀፒፎርክ የሚባል ሹካም ነበር፤ በሁለት ጉርሻ መካከል 10 ሰከንድ ካላለፈ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። በእጅ ለሚበላ ሰው ገንዘብ ማባከን ነው፣ አትግዙ።

ጾም ላይ ደግሞ ንዝንዙ ይብሳል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብንም ለሚጾም ሰው ማሽኑ በየጠዋቱ «ቁርስ አልተበላም» ይላል። ወተቱም ስላለቀ ግዙ እያለ ዝርዝር ይጽፋል። የምግብ ሰዓት የሚለው ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የመጀመሪያውን ማዕድ ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጉት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ የሚሞላው 15:00 ወይም 3:00 ፒኤም ነው። 9:00 ኤኤም ብላችሁ ከሞላችሁ በእኛ ሦስት ሰዓት ጠዋት ይጮኽባችኋል። የፋሲካ ሌሊት የሚበላውንም ዶሮ «የሌሊት መክሰስ» ብሎ ስለሚመዘግበው ለዚያ ሳምንት ማሳሰቢያውን ዝጉት።

ሁሉንም ማስጠንቀቂያ መዝጋት ግን አይገባም፤ የማሽኑ ምክር እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ። እኛም ብንሆን «ብላ፣ ብላ» እያልን ደም ግፊት ያለበትን አባት በጨው እንጎዳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት 24 ግራም ይሆናል፤ ይኸው ድርጅት ቢቻል እንዳይታለፍ የሚለው 25 ግራም ገደማ ነው። ሦስቱን ስኒ ጠጡ፣ ስኳሩን ቀንሱ።

ከሁሉ በላይ የስኳር በሽታ ኖሮባችሁ ሐኪም ክንዳችሁ ላይ መለኪያ ካደረገላችሁ፣ የእሱ ድምፅ ከፍሪጁ ጩኸት ጋር አንድ አይደለም። የደም ስኳራችሁ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወርዷል ሲል ጾምም ቢሆን ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ ግድ ነው። ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም ነፍስ አባታችሁንም አነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም።

የራሳችሁን ቤት ስትከራዩ ደግሞ ፍሪጁ ከቤቱ ጋር የመጣ ከሆነ የማን አካውንት እንዳለበት እዩ። የቀድሞው ተከራይ ሳያጠፋው ከወጣ የእናንተ ማዕድ ፎቶ ለእሱ ሊደርስ ይችላል። አከራዩን አስፈቅዳችሁ ከቅንብሩ ፋክተሪ ሪሴት (ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር) የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱት። አከራዩ አይሆንም ካላችሁ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቀይሩና አዲሱን ለፍሪጁ አትስጡት፤ ያለ ኢንተርኔትም ያቀዘቅዛል።