ሦስት ጎማና አንዲት ኤሊ

ጡረታ የወጣሁት በ67 ዓመቴ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር፤ በኋላ ሆስፒታል ወጥ ቤት ገባሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ አውቶቡስ እይዛለሁ። ስመለስ ደክሞኝ ነው፤ በልቼ እተኛለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከመኖሪያ ሕንፃዬ ፊት ለፊት የቆመው ትልቅ ዛፍ ስሙ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅ።

ልጄ ነርስ ናት፤ ታምፓ አካባቢ ነው የምትሠራው። "እማዬ፣ በቃሽ ብርዱ፣ ነይልኝ" ብላ ስትወተውተኝ እ.ኤ.አ. በ2022 ጠቅልዬ መጣሁ። ከተማዋ ዱነዲን ትባላለች። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሶፋ ላይ ነው ያሳለፍኳቸው። ልጄ ሥራ ትውላለች። ቤተ ክርስቲያን ያለ መኪና አይታሰብም። ሰፈሩ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው የለም። ጠዋት ዩቲዩብ፣ ማታ ዩቲዩብ፣ መሐል ላይ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት ጓደኞቼ ስልክ። ጉልበቴ ተሳሰረ። እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ብዙ እናቶችና አባቶች አሁንም እዚያው ሶፋ ላይ እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ከቤት ያወጣችኝ ጎረቤቴ ናት። ከሚሺጋን የመጣች ጡረተኛ አስተማሪ ነች፤ ባሏ ሞቷል። አንድ ቀን በሩን አንኳኩታ "በእግር እየሄድኩ ነው፣ ትመጪያለሽ?" አለችኝ። ነጠላዬን ደረብኩና ወጣሁ።

ከቤታችን ጥቂት ወረድ ሲሉ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ፤ ፒኔላስ ትሬል ይባላል። ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ መኪና የማይገባበት። እንዴት እንዲህ ቀጥ አለ ብዬ ጠየቅኳት። "የድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር" አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1888 የተዘረጋ መስመር ነው፤ ስሙ ሲተረጎም "የብርቱካን ቀበቶ" ማለት ነው። ባቡሩ ሲቀር ሐዲዱን ነቅለው በ1990 ለሕዝብ መሄጃ ከፈቱት። የከተማዋ አሮጌ ጣቢያም ሙዚየም ሆኗል።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግነው ከዚራ፣ በባቡሩ ፉጨት እየተነሣን ነው። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ የኤረር ብርቱካን በዘንቢል ያመጣልን ነበር። እና ይኸው በስተርጅና የብርቱካን ባቡር በሄደበት መንገድ ላይ ቆሜያለሁ! እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ምንም አላለችም፤ ውሃ ሰጠችኝ።

ብስክሌቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ሜዳ ስለሆነች ወንድሞቼ ሁሉ ሳይክል ይነዱ ነበር። እኔን ግን አያቴ "ሴት ልጅ ሳይክል ላይ? ነውር ነው!" ብላ ከለከለችኝ። እዚህ የሰባና የሰማንያ ዓመት ሴቶች ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላ ቅርጫታቸውን ጭነው ሲሄዱ አየሁ። በ200 ዶላር አሮጌ ባለ ሦስት ጎማ ገዛሁ። ሚዛን መጠበቅ አያስፈልገውም። መታጠፊያ ላይ ብቻ ቀስ ማለት ነው፤ እኔ ፈጥኜ ሣር ላይ ተገልብጫለሁ፤ ክርኔ ተላጠ። በማግስቱ ግን ተመልሼ ወጣሁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአየሩ ነገር ነው። ዲሲ እያለሁ "ክረምት" የሚለው ቃል ተምታቶብኝ ነበር። ለእነሱ ክረምት በረዶ ነው፤ ለእኛ ዝናብ። እዚህ ግን ሰኔ ግም ሲል ሰማዩ ይጠቁራል። እስከ መስከረም ድረስ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ፣ ከዚያ ዶፍ። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ደረቅ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። ክረምቴም በጋዬም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ቦታቸው ተመለሱልኝ። ስለዚህ በክረምት ገና ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ መብረቁም ሳይመጣ እገባለሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን የምሄደው ሃኒሙን ደሴት ነው። ከከተማው በድልድይና በጠባብ የደለል መንገድ ይገናኛል፤ ግራና ቀኙ ባሕር ነው። በብስክሌት ወይም በእግር ለሚገባ ሰው የፓርኩ መግቢያ 2 ዶላር ነው። ይህች ደሴት ድሮ ከጎረቤቷ ከካላዴሲ ጋር አንድ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1921 የመጣው ታላቅ አውሎ ነፋስ ለሁለት ከፈላቸው። አሁን በመካከላቸው ጀልባ ያልፋል።

በመንገዴ ላይ ፔሊካን የሚባሉት ባለ ትልቅ ምንቃር የውሃ ወፎች አሉ። ፔሊካን ዝዋይ ሐይቅ ላይ አይቻለሁ፤ ነጮቹ ተሰብስበው እየዋኙ ነው ዓሣ የሚይዙት። እዚህ ያሉት ቡናማዎቹ ግን ከላይ ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ድንጋይ ይወረወራሉ። ውሃው ጧ ሲል በየጊዜው እደነግጣለሁ።

ብስክሌቴን ቆልፌ ጥድ ወዳለበት ጫካ በእግር እገባለሁ። ደርሶ መልሱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በደረቁ ጥዶች አናት ላይ ኦስፕሬይ የሚባሉት ዓሣ በል አሞሮች ጎጇቸውን ሠርተዋል። ኦስፕሬይ ዓሣ ይዞ ሲበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓሣውን አግድም አይዘውም። ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ አንዱን እግር ከፊት አንዱን ከኋላ ያደርጋል፤ ነፋሱ እንዳይከብደው። ይህን ያወቅሁ ቀን ማታ ለልጄ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ደሴቲቱን አንድ ቀን አልረገጠቻትም። "እማዬ፣ ኦፍ ስሆን እንቅልፌን ነው የምፈልገው" ትላለች። እኔስ 31 ዓመት ምን ስል ኖርኩ? አልፈርድባትም።

አሁን ስለ ኤሊዋ ልንገራችሁ። ጎፈር የሚባሉ የየብስ ኤሊዎች ናቸው፤ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ይኖራሉ። ጉድጓዱ እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሌሎች ከ350 በላይ ዓይነት እንስሳትም ይጠቀሙበታል፦ እባብ፣ እንቁራሪት፣ አይጥ፣ ነፍሳት። ጫካ ሲቃጠል ሁሉም እዚያ ይደበቃሉ። ስለዚህ ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ ኤሊዋንም ጉድጓዱንም መንካት ክልክል ነው።

የእኔዋ በዱካው ዳር፣ በአንድ ዘንባባ ሥር ነው ያለችው። የጉድጓዷ አፍ ከላይ ክብ፣ ከታች ዝርግ ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። ጎረቤቴ አንድ ነገር አስተማረችኝ። ደጁ ላይ አዲስ አሸዋ ከተበተነ ባለቤቱ አለ ማለት ነው። ሸረሪት ካደራበት ግን ቤቱ ባዶ ነው።

አንድ ቀን በለስ ስትበላ አገኘኋት። አዎ፣ በለስ! እዚያ አሸዋ ላይ በየቦታው ይበቅላል። እኔ በለስ የእኛ አገር ተክል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዘሩ ከአሜሪካ ምድር ነው ወደ እኛ የሄደው። ኤሊዋ አንገቷን ዘርግታ ፍሬውን ነከሰች። እሾሁ ግድም አልሰጣት። ጭማቂው አፏን ወይን ጠጅ አስመሰለው፤ አገጯ ላይ ተንጠባጠበ። የፊት እግሮቿ እንደ አካፋ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ቅርፊታቸው የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ይመስላል። የአያቴ እግር ትዝ አለኝ። ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩ ቁጥር ደጇን ሳላይ አላልፍም።

ጥምቀትንም በብስክሌት አክብሬያለሁ። ከእኛ ወደ 10 ማይል ርቀት ላይ ታርፖን ስፕሪንግስ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ከደሴቶቻቸው መጥተው ከባሕር ውስጥ ስፖንጅ እየጠለቁ የሚያወጡ ግሪኮች የሰፈሩባት ናት። ጃንዋሪ 6 ቀን፣ ከእኛ ጥምቀት 13 ቀን ቀድመው፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው በሰልፍ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። አንዲት ልጃገረድ ነጭ ርግብ ትለቃለች። ሊቀ ጳጳሱ መስቀል ይወረውራሉ፤ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ዘለው ይጠልቃሉ። ከጎረቤቴ ጋር በሌሊት ተነሥተን ሄድን። አንዱ ልጅ መስቀሉን ይዞ ብቅ ሲል ሳላስበው እልልታዬን አቀለጥኩት። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ከጎኔ የቆመች አንዲት ግሪካዊት አሮጊት እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። ቋንቋ አልተግባባንም። እስኪያልቅ ግን አልለቀቀችኝም።

እ.ኤ.አ. በ2024፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ማታ፣ ሄሊን የሚባለው አውሎ ነፋስ መጣ። መሐል ባሕሩን ይዞ በሩቅ ነበር ያለፈው፤ ግን ባሕሩን ወደ ከተማው ገፋው። እኛ ልጄ ጓደኛ ቤት ራቅ ብለን አደርን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሚልተን ተከተለ። ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በባሕሩ ዳር ያሉ ሰዎች ግን ፍራሻቸውን፣ ፍሪጃቸውን፣ የልጆቻቸውን ፎቶ ሳይቀር አውጥተው መንገድ ላይ ከመሩት። ያ ክምር ዓይኔ ላይ አለ።

ደሴቲቱ ተዘጋች። እኔ የማስበው ያንን ጉድጓድ ነው። የጨው ውሃ ከገባበትስ? ሰው ቤቱ ፈርሶበት እኔ ለኤሊ ስጨነቅ ነውር መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።

በተከፈተ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ብዙ ጥዶች ወድቀዋል። የማውቀው ዱካ ጠፍቶብኝ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ዘንባባውን ግን አገኘሁት። የጉድጓዱ አፍ ላይ ቅርንጫፍና የደረቀ የባሕር ሣር ተከምሯል። ጎንበስ አልኩ። ከሣሩ በላይ፣ እንደ ማራገቢያ የተበተነ ነጭ አሸዋ አለ። ገና እርጥብ ነው። አሸዋው ላይ የጥፍር ጭረት አለ።

እዚያው ቆሜ ለልጄ ደወልኩ።

"አለች!" አልኳት።

"ማን?"

"ኤሊዋ።"

ልጄ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እማዬ፣ እሑድ ኦፍ ነኝ፤ አብሬሽ ልምጣ?" አለችኝ።