አውራ ጣቴ ገና አልተገራም፦ አራተኛ ወር

ባለፈው ወር «ጊታሩን ልሸጠው ነው» ብያችሁ ነበር። አልሸጥኩትም። ያስመረረኝ የአሜሪካዊቷ ጊታር ተጫዋች የሜይቤል ካርተር የክር አመታት ስልት ነው፦ አውራ ጣት በወፋፍራሞቹ ክሮች ላይ ዜማውን ይለቅማል፤ ሌባ ጣት ቀጫጭኖቹን እየጠረገ ምቱን ይይዛል። አንድ እጅ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ሜይቤል በኦገስት 1927 እ.ኤ.አ. ብሪስቶል፣ ቴኔሲ ውስጥ «ካርተር ቤተሰብ» ከተባለው የዘፈን ቡድን ጋር የመጀመሪያውን ሸክላ ስትቀዳ የ18 ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ሰበብ የለኝም።

(በኖታ ባለመማሬ ለምትወቅሱኝ፦ የቡድኑ መሪ ኤ. ፒ. ካርተር የገጠር ዘፈን ሊሰበስብ ሲዞር እሱ ግጥሙን ይጽፋል፤ ዜማውን በጆሮው ይዞ የሚመለሰው ጥቁሩ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሪድል ነበር።)

የምለማመደው ዳኒ ዲልና ሜሪጆን ዊልኪን ደርሰውት ሌፍቲ ፍሪዜል በ1959 እ.ኤ.አ. የዘፈነውን «ሎንግ ብላክ ቬይል» ነው። ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብቻ፦ ጂ፣ ሲ፣ ዲ። ተራኪው ሙት ነው። በነፍስ ግድያ ተከሶ ዳኛው «ያን ሌሊት የት ነበርክ?» ሲለው ዝም ይላል፤ የነበረው ከልብ ጓደኛው ሚስት ጋር ነዋ! ይሰቀላል። እሷም ጥቁር ዓይነ ርግብ ተከናንባ በሌሊት መቃብሩ ላይ ታለቅሳለች።

በስልኬ ቀድቼ ስሰማው አፈርኩ። ድምፄን እያንቀጠቀጥኩ ሟቹን ትቼ ሐዘንተኛ ሆኛለሁ። እኅቴም ከኩሽና ብቅ ብላ «አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ያኔ አያቴ ሲሞቱ ሙሾ ያወረዱት ሴትዮ ትዝ አሉኝ። ድምፃቸው አልተነቃነቀም። የሟቹን ሥራ፣ የበሬዎቹን ስም ሳይቀር፣ እንደ ምስክር አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ድንኳኑ በእንባ ታጠበ።

ስለዚህ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 84 ምት ላይ አድርጌ፣ ወሬ እንደሚነግር ሰው ዘፈንኩት። የሚገርመው፣ አስቸጋሪው የአመታት ስልት ረዳኝ፤ አውራ ጣቴን ስጠብቅ ለማልቀስ ፋታ አጣሁ። ወደ ሲ ስሻገር ግን አምስተኛውን ክር ስቼ አራተኛውን እመታለሁ። ለአንድ ሳምንት ከጂ ወደ ሲ መሻገርን ብቻ፣ ያለ ዘፈን፣ በደቂቃ 60 ምት ደጋገምኩት።

ትናንት ማታ እኅቴ ሽንኩርት እየከተፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀምጣ «ሰውዬው ግን ለምን እውነቱን አልተናገረም?» አለች።

አምስተኛውን ክር ዛሬም ሦስቴ ስቼዋለሁ።